የተፋቀው ሸራ

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአምብሩዋዝ ፔርኔ የውሃ ወፍጮ ድንገት ቀጥ አለ። በመንደራችን በሮሽኑዋር ወፍጮ ሲቆም ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ዝናቡን ተከናንበን ሁላችንም ወጣን። ፔርኔ ባለወፍጮም የመንደራችን ከንቲባም ስለሆነ በሁለቱም ሥልጣኑ እየተሳደበ ወደ ግድቡ ወረደና መንኮራኩሩ ውስጥ የተሰነቀረውን ነገር በመንሽ ጎተተው። ግንድ መስሎት ነበር። የወጣው ግን ሠዓሊው ፊሊበር ቪዬ ሆነ፤ ያ ሁሉ ሥጋ፣ ያ ሁሉ ጢም፣ የራስ ቅሉ ከኋላው ተሰንጥቆ።

ፊሊበርን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ሸለቋችንን ድንጋይ በድንጋይ የሳለ ሰው ነው። ምንጩ ከዋሻው ሲፈልቅ፣ ገደሉ በረዶ ሲለብስ፣ የፔርኔ ላሞች ውሃ ሲጠጡ፣ ኧረ የሞተ ዓሣ ሳይቀር ስሏል። መልአክ ወይም ንግሥት ሳልልን ቢሉት ይስቅባቸዋል፤ ዓይኑ ያላየውን እጁ አይሠራም። ፓሪስ ላይ ስሙ ገናና ነበር አሉ። እኛ ዘንድ ግን የቪዬ ልጅ ነው፤ የሚጮህ፣ የሚበላ፣ ሰው የማይሰማ። በፓሪሱ አመፅ ጊዜ ከአመፀኞቹ ጋር ቆመሃል ተብሎ ታሰረ፤ ሲፈታ ወደ አባቱ ቤት ተመለሰ። ሲመለስም አንድ ተማሪ አስከትሎ መጣ፤ ሲልቬን ዶርባ የሚባል፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው ከሲታ ፓሪሳዊ፣ እሱም ባመፁ ታስሮ የወጣ።

ፔርኔ ገዳዩን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ፊሊበር በየማለዳው ሸራውን ተሸክሞ ከምንጩ በላይ ካለው ሰፊ ድንጋይ ላይ ይወጣ ነበር፤ እዚያ ሲታይ ጠርዙ ላይ ደም ተገኘ፤ ከደሙ አጠገብ ደግሞ እጀታው ላይ «ሲ.ዶ.» ተብሎ የተቀረጸበት የቀለም ቢላዋ። ሰኞ አመሻሽ ላይ መምህርና ተማሪ በኤርማንስ መሸታ ቤት ሲናቆሩ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ሌላ ምን ያስፈልጋል? በአሥራ ሁለት ሰዓት ሲልቬን ከነሸራውና ከነቀለም ሣጥኑ ተይዞ ፔርኔ አይብ የሚያቆይበት ምድር ቤት ውስጥ ተቆለፈበት። አንድ ጊዜ ባመፅ የታሰረ ሰው በነፍስ ግድያ ቢከሰስ ምን እንደሚጠብቀው አገር ያውቃል። ፍርድ ቤቱ ባለበት በቤዛንሶን ዳኞቹ ብዙ አያወሩም፤ አንገቱ ይቆረጣል።

መርማሪ ዳኛው ኤልዜአር ቱርኒዬ ረቡዕ ጠዋት ደረሰ። ከኛ ሁለት ተራራ ወዲያ ተወልዶ ያደገ፣ አጭር፣ ራሰ በራ ሰውዬ ነው። ጫማው ውሃ ያስገባል፤ የመንጋጋ ጥርሱ ያመዋል፤ ሠረገላው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውጦታል። በዚህ ላይ ከአቃቤ ሕጉ የመጣለት ደብዳቤ፣ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የእስረኛ ሠረገላ እንደሚመጣና ሌላ ሰው ካልተገኘ በቀር ዶርባ ተጭኖ እንደሚሄድ ይናገራል። ሦስት ቀን ይባላል እንጂ ሲቆጠር ሁለት ተኩል ነው። ቱርኒዬ ደብዳቤውን አንብቦ ጥርሱን ነከሰና፣ የነከሰው የታመመውን ስለሆነ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በፔርኔ ጀመረ። ከንቲባው ኮርቶና ሆዱን ነፍቶ ተቀበለው።

«ነገሩ አልቋል እኮ ክቡር ዳኛ። እርስዎ መፈረም ብቻ ነው ያለብዎት።»

«እፈርማለሁ። መጀመሪያ ግን ግድብህን ከፍ ለማድረግ አስበህ ነበር አሉ?»

የፔርኔ ሆድ ትንሽ ሟሸሸ። «ማን ነገረዎት?»

«ግድቡ ነው የነገረኝ። አዲስ የተጠረበ ድንጋይ ተከምሮ ሙጃ አብቅሎበታል። ሥራው ከቆመ ቆይቷል ማለት ነው። ማን አስቆመህ?»

ያስቆመው ፊሊበር ነበር። ግድቡ ከፍ ቢል ውሃው ወደ ላይ ይመለስና ፊሊበር ሃያ ዓመት ሲስላቸው የኖራቸውን አለቶች ይውጣቸዋል፤ ሠዓሊውም አውራጃ ድረስ ሄዶ ጮኾ አሳገደው። ፔርኔ ይህን ሲናገር ፊቱ ድንች የተቃጠለበት ምድጃ መሰለ። ለድንጋይ ሲባል የሰው ዱቄት ይቀራል ወይ አለ። ማክሰኞ ጠዋት የት ነበርክ ሲባል ወፍጮ ቤት አለ፤ ማን አየህ ሲባል ዱቄቱ አለ። ቱርኒዬም ከዚህ ሰው ጋር ማውራት ውሃ መውቀጥ ነው ብሎ ወደ ቪዬ ቤት ወጣ።

የሟች እህት ፍላቪ ወጥ ቤት ተቀብላ የበቆሎ ገንፎ ከወተት ጋር አቀረበችለት። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም። ግራጫ ቀሚስና ሰማያዊ ሽርጥ ካልለበሰች ፍላቪ አትባልም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያንን ቤት ያቆመችው እሷ ናት፤ አጣቢዋም እሷ፣ አብሳይዋም እሷ፣ ጠዋት ጠዋት ለወንድሟ ሾርባ እድንጋዩ ድረስ ተሸክማ የምትወጣውም እሷ።

«ማክሰኞ ሾርባውን ወሰዱለት፣ ማድሙዋዜል?»

«አልወሰድኩም። ጉልበቴን አሞኝ ነበር። ዳቦ በኪሱ ይዞ ወጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ከንቲባው በፊት ለፊት በር አንኳኳ። ፊቱን ሳየው ገባኝ።»

አላለቀሰችም። ድስቱን እያማሰለች ነበር የምትናገረው። ቱርኒዬ በጓሮው መስኮት ተመለከተ። ከወንዙ ፊት ለፊት ስድስት የገለባ ቀፎዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ላይ ቁራጭ ጥቁር ጨርቅ ታስሯል። እናቱም አባቱ የሞተ ጊዜ እንዲሁ አድርጋለች፤ በቤቱ ቁልፍ ቀፎውን ሦስት ጊዜ መታ መታ እያደረገች፣ ጌታችሁ ሞቷል ብላ ለንቦቹ ነግራለች። በኛ አገር ይህ ካልተደረገ ንቡ ወይ ይሰደዳል ወይ ያልቃል። ቱርኒዬ እናቱ ትዝ አለችው፤ ገንፎውን ጨረሰና አመስግኖ ተነሣ።

ወደ ሥዕል ክፍሉም ገባ። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣራ ሥዕል ነው። ገደሉ፣ ዋሻው፣ ምንጩ፣ የፔርኔ ሚስት ልብስ ስታጥብ፣ ቄሱ አፋቸውን ከፍተው ሲያንቀላፉ፣ መቃብር ቆፋሪው፣ መሸተኛዋ ኤርማንስ፣ አንካሳው የእረኛ ውሻ። ቱርኒዬ ሥዕል አያውቅም፤ ገደሉን ሲያይ ግን እንዳይወድቅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ቀጥሎ ሲልቬን። አይቡ በተደረደረበት ምድር ቤት ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል፤ ሸራው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ቱርኒዬ ቢላዋውን ጠየቀው። መምህሬ ሰኞ ዕለት ሰው ሁሉ እያየ ከእጄ ነጥቆ ወሰደብኝ አለ። ማን ይመሰክርልሃል? ማንም። ማክሰኞስ የት ነበርክ? ከወንዙ ማዶ፣ ሸምበቆው ውስጥ፣ ቤቱንና ገደሉን እየሳልኩ። ማን አየህ? ማንም። እዚያ መንገድ የለም፤ ከዚያ ሆኖም ምንጩ ከወንዙ መታጠፊያ ኋላ ስለሆነ አይታይም።

«መምህሬን አልገደልኩም» አለ። «ተናድጄበት ነበር፤ እሱን አልክድም። ግን ያለ እሱ እኔ ምንድን ነኝ?»

«አንተማ እስረኛ ነህ» አለ ቱርኒዬ፤ ሲናገረውም አፈረ።

ሸራውን አየው። ጥሩ ነው አልጨረሰውም እንጂ። ገደሉ ፀሐይ መትቶት ያበራል፤ ቤቱ፣ ጓሮው፣ ጥቁር ያሰሩት ቀፎዎች። ልክ በመስኮት እንዳየው ነው። ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ሐሙስ የባሰ ሆነ። ዝናቡ ከማክሰኞ ቀትር ጀምሮ አንዴ እንኳ አላባራም። ቱርኒዬ ወደ ድንጋዩ ሲወጣ ደሙን ዝናብ አጥቦታል፤ ዱካ የሚባል የለም፤ ሲወርድ አዳልጦት በመቀመጫው ተንሸራተተ። በየቤቱ እየዞረ ጠየቀ። እኛም፣ እውነቱን ልናገር፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አልነው። ከንቲባው ወፍጮ አለው፤ ሟቹ ሞቷል፤ እስረኛው ደግሞ የኛ ሰው አይደለም። አንዱ ላሜ ልትወልድ ነው ይላል፤ አንዷ እኔ ማክሰኞ ዓይኔን አሞኝ ነበር ትላለች። ቱርኒዬ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ ሰምቶ ያደገ ሰው ነበር፤ ሮሽኑዋር ላይ ግን ንጋቱም ደመና ሆነበት። ቆሽቱ አረረ። አንድ የማይወደው ከንቲባና አንድ የሚያሳዝነው እስረኛ አሉት፤ ይህ ደግሞ ማስረጃ አይባልም።

ከሁላችን የተሻለችው ኤርማንስ ነበረች። ለጥርሱ የቼሪ አረቄ ሰጥታው ሰኞ የሆነውን ነገረችው። ሲልቬን መሸታ ቤቱ ማዕዘን ተቀምጦ፣ ቤቱን ፊት ለፊቱ ሳያደርግ፣ የቪዬን ቤት ከራሱ አውጥቶ ይስላል፤ መስኮቱን በአበባ፣ ጣራውን በእርግብ ሞላው። ፊሊበር መጣ፤ አየ፤ ቢላዋውን ከልጁ እጅ ነጠቀ። ሰው ሁሉ እያየ ቀለሙን ከላይ እስከ ታች ፍቆ ፍቆ ሸራውን ባዶ አደረገው። የተሳደበውን ስድብ ልተወው። በመጨረሻ ያለው ግን፣ የምታውቀውን ሳይሆን የምታየውን ሳል፤ ነገሩን ስሙን አትጠይቀው፣ ቀለሙን ጠይቀው ነበር። ቢላዋውንም ኪሱ ከቶ ሄደ።

«ቢላዋውን?» አለ ቱርኒዬ። «ይህን ለከንቲባው ለምን አልነገርሽም?»

«አልጠየቀኝም» አለች። «ጌታዬ፣ ፔርኔ ሰው ሲጠይቅ አይተው ያውቃሉ?»

ቱርኒዬ መሳቅ አማረው፤ ጥርሱ ግን አልፈቀደለትም። የቢላዋው ነገር እንደዚያ ቀለለ። ይሁንና ቢላዋ ባይኖርም ጠቡ አለ፤ ማንም ያላየው ጠዋትም አለ። ከንቲባው ይህን ሲሰማ፣ ቢላዋ ያላስፈለገው ሰው በእጁ ገፍቶታላ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ዓርብ ማለዳ ቱርኒዬ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። የሚጠይቀው ነገር አልነበረውም። የሚነግረው ነበረው፤ እኩለ ቀን ላይ እንደሚወስዱት። ሲልቬን ሰማና ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አንድ ነገር ለመነ፤ ሸራው እርጥብ ስለሆነ ሲጭኑት እንዳይነካካ፣ በተለይ ቀፎዎቹ ጋ፣ ጥቁሩ ወፍሮ ነው የተቀባው።

ቱርኒዬ ከመሰልቸቱ የተነሣ ጠየቀ እንጂ አስቦበት አልነበረም።

«ይሄን ጥቁር በምን ቀባኸው?»

«በአውራ ጣቴ። ምን እንደሆነ አላውቀውም።»

«የሳልከው አንተ፣ የማታውቀው አንተ?»

«ስሙን አትጠይቅ ብሎኝ ነበራ። ማክሰኞ ዕለት ተናድጄ ነው የወጣሁት፤ እንግዲያው ያየሁትን ብቻ፣ አንዲት ነጥብ ሳልጨምር ሳልቀንስ ብዬ። ቀፎዎቹ ላይ ጥቁር ነበር፤ ጥቁር አደረግኩ፤ ዝናቡ ሲመጣ ሳልጨርሰው ተነሣሁ። ሬንጅ የቀቧቸው መስሎኝ ነበር።»

ቱርኒዬ ሸራው ላይ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ከአይቡ መደርደሪያ ተደግፎ ራሱን በመዳፉ መታ። ረቡዕ ዕለት አይቶታል እኮ። ዓይኑ ሥር ነበር። ጥቁር የታሰረበት ቀፎ ሐዘን ቤት ጓሮ ማየት ለኛ ሰው ምን ይገርማል? ያደገበት ነገር ስለሆነ አየና አለፈው። ደስ አላለውም። ሦስት ቀን ያቃጠለውን ጥርስ የረሳው ግን ያን ጊዜ ነው።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ሰው ወደ ሟቹ የሥዕል ክፍል አስጠራ። ከንቲባ ፔርኔ መሐል ቆመ። ፍላቪ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ በር አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ኤርማንስ አለች። ሲልቬን እጁ በሰንሰለት፣ ግራ ቀኙ ሁለት ፈረሰኛ ፖሊሶች። እኛም በሩንና መስኮቱን ሞላን። የእስረኛ ሠረገላው ውጪ ቆሟል፤ ፈረሶቹ በዝናብ ውስጥ ሲያናፉ ይሰማል።

ቱርኒዬ ሸራውን ማቆሚያው ላይ አስቀመጠው።

«ኤርማንስ፣ ሰኞ አመሻሽ ላይ ይህ ሸራ ላይ ምን ነበር?»

«ምንም። ጋሼ ፊሊበር ፍቆ ጨረሰዋ። ሃያ ሰው አይቷል።»

«ስለዚህ አሁን የምታዩት ሁሉ የተሳለው ከሰኞ አመሻሽ በኋላ ነው። ክቡር ከንቲባ፣ ሸራውን ከእስረኛው ጋር መቼ ያዝከው?»

«ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ» አለ ፔርኔ። «ከዚያ ወዲህ ቁልፉም የቀለም ሣጥኑም እኔ ጋ ናቸው። ሸራውን አንድም ሰው አልነካውም።»

«ጥሩ። እንግዲህ ገደሉን እዩት። ፀሐይ መትቶታል። ይህ ገደል ፀሐይ የሚያገኘው መቼ ነው?»

ይህንማ ሕፃንም ያውቃል። የገደሉ ፊት ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ካለፈ ጥላ ነው። ማክሰኞ ቀትር ላይ ደግሞ ዝናቡ ገባ፤ እስካሁንም አልወጣም። ከኋላችን አንድ ሰው፣ ማክሰኞ ጠዋት ብቻ ነዋ፣ ሲል ሁላችንም ዞር ብለን አየነው።

«ማክሰኞ ጠዋት ብቻ» አለ ቱርኒዬ። «ሰውዬው የት እንደነበረ ማንም አላየውም ብላችሁኛል። ፀሐይ አይታዋለች። ሸምበቆው ውስጥ ሆኖ ይሄን ይስል ነበር። ተጣሉ ያላችሁት ጠብ ባይኖር ሸራው አይፋቅም ነበር፤ ባይፋቅ ኖሮም መቼ እንደተሳለ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።»

ፔርኔ ተቁነጠነጠ። «ስሎ ሲጨርስ ሄዶ ገደለው እንበላ። ሩጫ ነው፤ ጎረምሳ ነው።»

«እንበል። አሁን ቀፎዎቹን እይ።»

ፔርኔ አየ። እኛም አየን። ጥቁር ጨርቅ ያሰሩ ቀፎዎች ናቸው፤ ምን አለበት? ከዚያ መጀመሪያ የገባት ኤርማንስ ነበረች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ክቡር ከንቲባ» አለ ቱርኒዬ፣ ድምፁ ዝግ ብሎ፤ «ሬሳውን ያወጣኸው፣ ሞቱንም እዚህ ቤት ያረዳኸው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ቀፎዎቹ ግን ገና በጠዋቱ ሐዘን ተቀምጠዋል። ፊሊበር መሞቱን እኛ ሳንሰማ ንቦቹ ሰምተዋል። እኔም፣ አንተም፣ ሁላችንም ይህን ሥዕል አይተን አለፍን፤ ልማዳችን ስለሆነ። እውነቱን ሊነግረን የቻለው ልማዱን የማያውቅ፣ ሬንጅ የመሰለው ሰው ነው። ለንብ የሚነግረው ደግሞ የቤቱ ሰው ነው። የቤቱ ቁልፍ ያለው።»

ወደ ፍላቪ ማንም አልዞረም። ማየት ፈርተን ነው። ቱርኒዬ ግን ዞረ፤ እዚህ ላይ ሕግ የማይፈቅደውን አደረገ። ማምለጫ በር ከፈተላት።

«ማድሙዋዜል፣ ምናልባት ጠዋት ወጥተው ሞቶ አገኙት። ደነገጡ። ለሰው መናገር ፈሩ፤ ንቦቹን ግን ማጣት አልፈለጉም። እንዲያ ሊሆን ይችላል። ሥዕሉ ማወቅዎን እንጂ ሌላ ነገር አይናገርም።»

አዎ ብትል ይበቃ ነበር። ለሁላችንም ይቀለን ነበር። እኔ በበኩሌ በልቤ አዎ በይ፣ አዎ በይ እያልኩ ነበር።

«አይደለም» አለች ፍላቪ። «እኔ ገፋሁት።»

ሽርጧን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«ሾርባውን ይዤለት ወጣሁ። ልሄድ ነው አለኝ፤ ከሲልቬን ጋር ወደ ስዊስ፣ ላይመለስ። ሂድ አልኩት። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። ይሄን ግድግዳ እዩት እስቲ። የፔርኔ ሚስት አለች፤ ቄሱ አሉ፤ ውሻው አለ። ሃያ ዓመት ሾርባ ያመላለስኩ እኔ የት አለሁ? ሳትሄድ አንድ ቀን ሳለኝ አልኩት። እንዲያው አንድ ቀን። ቀና ብሎም አላየኝም። 'ዞር በይ ፍላቪ፣ ብርሃኑን ጋረድሽኝ' አለኝ።»

ግድግዳውን እያየች ቀጠለች። «ዞር አልኩ። ከዚያ ተመለስኩ።»

ለምን ለንቦቹ ነገርሽ ብሎ የጠየቃት ፔርኔ ነው፤ ከንቲባነቱ ጠፍቶበት፣ እንደ ጎረቤት። ለአንተም፣ ለዳኛውም፣ ለቄሱም እዋሻለሁ፣ ለነሱ ግን እንዴት ይዋሻል አለችው። ደግሞ የአባቷ ንቦች ናቸው፤ እንዲያልቁ አትፈልግም።

ቱርኒዬ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠ። የሲልቬን ሰንሰለት ተፈታ። ፍላቪ ከመሄዷ በፊት ተነሥታ ወደ ሸራው ተጠጋችና ዓይኗን አጥብባ ተመለከተች። ከመጨረሻው ቀፎ አጠገብ ጥፍር የምታህል ግራጫ ቀለም አለች፤ መሐሏ ላይ ሰማያዊ ጭረት።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለችው ሲልቬንን።

«አላውቅም፣ እትዬ ፍላቪ። ግራጫ ነበረች። ትንቀሳቀስ ነበር።»

«እኔ ነኝ» አለች። ጣቷን ቀረብ አደረገችና ቀለሙ እንዳይነካ መልሳ ሰበሰበችው። «ፊት የለኝም።»

«ከዚያ ማዶ ፊት አይታይም።»

ሲልቬን የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆሟል፤ ሰንሰለቱ ልጦታል። ሦስት ቀን በዚያ ብርድ ውስጥ ሞቱን ሲጠብቅ የሰነበተ ሰው ነው። ድንገት ጠየቃት።

«ዛሬ ቢወስዱኝ ኖሮ ይናገሩ ነበር?»

ዋሽታ አዎ ብትለው ምን ነበረበት? አልዋሸችም።

«የምናገር አይመስለኝም» አለች።

ፊቱ ደም መሰለ። የሚሰድባት፣ ኧረ የሚመታትም መሰለኝ፤ ቢሰድባት ደግሞ ማን ይፈርድበታል? ፔርኔ እንኳን አንገቱን ደፋ። ፖሊሱ ክንዷን ያዘና ሠረገላው ቆሟል፣ እኩለ ቀን ሆኗል አለ። ቱርኒዬ ሰዓቱን አውጥቶ አየ። ከዚያ መልሶ ኪሱ ከተተውና ሰዓቴ ዛሬ አይሠራም ብሎ የፊሊበር አሮጌ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሲልቬን ብዙ አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ከጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ወረቀትና አንድ ቁራጭ ከሰል አነሣ፤ በርጩማውን በእግሩ እየገፋ ወደ ብርሃኑ አስጠጋው።

«ይቀመጡ» አላት፤ አሁንም ቁጣው ከድምፁ አልወጣም። «ፊትዎን ወደ መስኮቱ ያዙሩ።»

እኛ መስኮቱን ሞልተን የቆምነው ሰዎች አንድ በአንድ ዞር አልንላቸው።